ወጪ ወራጅ

ኤርሚንዳ፣ የተራራ ሳጥን አንቀሳቃሽ፣ ለማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ። ቫልፓራይሶ።

ግባ፣ ልጄ፤ ጎንበስ በል፤ መቃኑ ራስ ይመታል፤
ስንቱ ኩሩ በዚህ በር አንገቱን ደፍቶ ገብቷል።
ወረቀትህን አየሁት፤ ቀን አለው፣ ማኅተም አለው፤
ሰሙን በእጅህ ይዘሃል፤ ወርቁን የት አስቀመጥከው?
አትቸኩል፤ የማታው ጉዞ ገና አልወጣም፤
ታች ሰው ቆሞ ሲጠብቅ የኔ ሳጥን አይዘጋም።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ ከዚህ ማርሽ ጋር ስሟገት፤
እሱ ግራሶ፣ እኔ ሻይ፤ እየጠጣን አረጀንበት።
ሥራው ምንም አይከብድም፤ ሁለት ሳጥን፣ አንድ ገመድ፤
አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ያው ነው፣ ውጣ ውረድ።
ሌላው ሲመርረው ይለዋል፤ እኔ ደሞዝ በላሁበት፤
ባዶው ቁልቁል ባይጎትት ሙሉው በምን ይወጣበት?

ኒዬቬስ አለች፣ አሣ ሻጭ፤ ጉልበቷን ሪህ በልቶታል፤
ከነቅርጫቷ ስትገባ ሳጥኑ ባሕር ይሸታል።
ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እሷ አይታ ትስቃለች፤
«ስቅለት ይምጣ፣ እንተያያለን፤ ትለምኑኛላችሁ» ትላለች።

ቴልሞ ጋዝ ተሸካሚው፣ አርባ ኪሎ በትከሻ፣
ደረጃውን በቃሉ ያውቃል፣ ከመነሻ እስከ መድረሻ።
ሲሊንደሩን ያሳፍርና ራሱ በእግሩ ይወጣል፤
«የሁለት ሰው ሒሳብ የለኝም፤ ብረቱ ይቅደም» ይላል።
ላይ ሲደርስ እያለከለከ ብረቱን መታ ያደርጋል፤
«ደህና ገባህ ወይ፣ ጌታዬ?» ብሎ ባርኔጣ ያነሣል።

«ንጽሕና ይጎድላል» ላልከው፣ ወንበሩ ሥር ያለው ማስቲካ
የሦስት ትውልድ ጥርስ አለበት፤ ልጅ ስትፍቅ አያት እንዳትነካ።

«የግራው በር ማጠፊያ ላልቷል» ብለህ ጽፈሃል፤ እውነት ነው፤
ኤውሎሂዮ የሞተ ዕለት ነው፣ ያ ረዥሙ፣ መርከበኛው።
ሳጥኑ ሳጥን አልገባ ቢል በሩን በመዶሻ ነቀልን፤
አራት ሰው አቅፎ ይዞት ወደ መቃብሩ ላክን።
ዕድሜውን ሙሉ ቁልቁል ነው፤ ባሕር ነበር የሚጠራው፤
ያን ቀን ብቻ ሽቅብ ሄደ። ትኬት ቆረጥኩ፤ ሚስቱ ያዘችው።

አሁን መዝገቡን ክፈተው፤ የላላውን ብሎን ተወው፤
ገጽ ሰባ ሁለት ላይ ያለውን ማንም አላየም፤ እየው።
«መብራት ጠፋ፤ ዐሥር ደቂቃ።» በእጄ ነው የጻፍኩት፤
መብራትስ አልጠፋም ነበር። ማርሹን እኔ ነኝ የያዝኩት።

ልጄ ነበረች፣ ኦፌሊና፤ ሻንጣ ይዛ ትወርዳለች፤
ማታ ተጣልተን አድረን ሳትሰናበተኝ ተሳፈረች።
መንገዱ እኩሌታ ላይ፣ ሁለቱ ሳጥን ሲተያዩ፣
አቆምኩት፤ አንዴ እንኳ ዓይኖቿ ሽቅብ እኔን እንዲያዩ።
አልጮኸችም፣ አልደወለችም፤ ባሕሩን ስታይ ቆየች፤
ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ላጠች፣ በላች።
ልጣጩን በመስኮት ጣለች። ያኔ እጄ ደከመ፤ ለቀቅኩት።
እሷ ቁልቁል ስትሄድ ሽቅብ የመጣውን ተቀበልኩት፤
ባዶ ሳጥን። እንደ ደንቡ በሩን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።

እና ልጠይቅህ፦ ስታሽግ የላዩን ነው ወይስ የታቹን?
አንዱ በቂ ነው፤ ሌላው ይቆማል፤ ቆጥበው ሰምህን።
ሪፖርትህ ላይ «ተሳፋሪ ቀንሷል» የሚል አለበት፤
ልክ ነው። ወርዶ ያልወጣውንም በስሙ እዚያው ጻፍበት።

ቆይ፤ ደወል። አንድ ጊዜ። ቴልሞ ነው፤ ብረቱን ልኳል፤
ራሱ ደረጃው ላይ ነው፤ ሃያኛውን ረግጧል።
ተቀመጥ፤ ካሻህም ቁም፤ እጅህን ግን አርቅ ከገመድ፤
ያኛው ሙሉ ነው የሚመጣው፤ እኔ ባዶውን ልስደድ።